ለቻይልድ ሰፖርት ቢሮዎች፦ መብታችንን ቀኑ ሳያልፍ ንገሩን

ይድረስ በአሜሪካ በየስቴቱና በየካውንቲው ለምትገኙ የቻይልድ ሰፖርት (የልጅ ቀለብ) ቢሮ ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ ኬዝ ላላችሁ ወይም ልትከፍቱ ላሰባችሁ ወላጆች

ጤና ይስጥልኝ።

እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ወገኖቼ ከቢሯችሁ የሚመጣላቸውን ደብዳቤ እያነበብኩ አስረዳለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ የምጽፈውም የሕግ ምክር አይደለም። ግን ወረቀቶቻችሁን ከእናቶችም ከአባቶችም ጋር ቁጭ ብዬ አንብቤያለሁ። ቀለብ የምትጠብቀውም፣ ደሞዙ የሚቆረጥበትም በአንድ ምክንያት ሲጎዱ አይቻለሁ። ስለዚህ የማንንም ወገን ይዤ አልመጣሁም።

ምክንያቱ ይህ ነው። የዚህ አገር ሕግ ቻይልድ ሰፖርት ውስጥ ለገባ ወላጅ ብዙ መብት ይሰጣል። ነገር ግን መብቱ ሁሉ ማለት ይቻላል ቀን አለው። እስከዚህ ቀን ካልተቃወምክ፣ እስከዚህ ቀን ካላመለከትሽ፣ በዚህ ቀን ካልቀረባችሁ አለቀ። ወላጁ ደግሞ እንዲህ ያለ መብት እንደነበረው የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። እኔ አዲስ ሕግ ይውጣልን አላልኩም። ያለውን በጊዜውና በሚገባን ቋንቋ ንገሩን ነው የምለው።

ሥራችሁን አላሳንስም። ፕሬዚዳንት ፎርድ በጃንዋሪ 1975 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በፈረሙት ሕግ የተቋቋመው ይህ ፕሮግራም ብዙ ልጅ አሳድጓል። የጠፋ ወላጅ ታፈላልጋላችሁ፤ አባትነት ታረጋግጣላችሁ፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ታስወጣላችሁ፤ ከደሞዝ ታስቆርጣላችሁ። ለማመልከቻ የሚጠየቀው ቢበዛ 25 ዶላር ነው። ይህንንም የማያስከፍሉ ቦታዎች አሉ። ማመልከት የሚችለውም እናት ብቻ አይደለችም። አባትም ይችላል። የልጅ ልጇን የምታሳድግ አያትም ትችላለች። ይህን የማያውቅ ሰው ስንት እንዳለ ብታዩ ይገርማችኋል። ከኛ ሰው መሃል ብዙው ቻይልድ ሰፖርት ማለት እናት አባትን የምትከስበት ቤት ይመስለዋል።

እኔን እንቅልፍ ወደሚነሳኝ ነገር ልግባ። ውዝፍ፤ ሳይከፈል የተጠራቀመ ቀለብ።

ከ1986 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ውስጥ ያለ አንድ ድንጋጌ አለ። በሴናተር ቢል ብራድሊ ስም ነው የሚጠራው። ቀኑ የደረሰ የቀለብ ክፍያ ሁሉ በዚያው ቀን እንደ ፍርድ ይቆጠራል ይላል። ዳኛው ቢያዝን እንኳ ወደ ኋላ ሄዶ ሊሰርዘው አይችልም። መቀነስ የሚችለው የማሻሻያ አቤቱታ ቀርቦ ለሌላው ወላጅ ከተነገረበት ቀን ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። ድንጋጌው የወጣው ለልጁ ታስቦ እንደሆነ ይገባኛል። ከስቴት ስቴት እየሸሸ ዕዳውን የሚያሰርዝ አባት ነበረና። አላማውን አልቃወምም። ግን እንዲህ ያለ ጥብቅ ሕግ ሲኖር፣ ቀኑን የማሳወቅ ግዴታም በዚያው ልክ መጥበቅ ነበረበት።

አንድ የማውቀው አባት ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር። ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ መጋዘን። ቀለቡ የተሰላው በሁለቱ ገቢ ነው። የመጋዘኑ ሥራ ቆመ። ከፓርኪንጉ የሚያገኘው የቤት ኪራይ እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ኬዝ ወርከሩ (ጉዳዩን የያዘው የቢሮው ሠራተኛ) ጋ ደውሎ ነገረው። ሰውየውም “እሺ፣ ኖት አደርገዋለሁ” አለው። አባትየው ስልኩን ሲዘጋ ጉዳዩ ያለቀ መስሎታል። ነገርኳቸው፤ አወቁት፤ ያስተካክሉታል ብሎ ተቀመጠ። የሚችለውን ያህል እየከፈለ ቆየ። ከወራት በኋላ ደብዳቤውን ይዞልኝ መጣ። ውዝፉ ከነወለዱ ተጽፏል። በኋላ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ዳኛዋ አዳመጠችው፤ ቀለቡንም ቀነሰችለት። ግን አቤቱታው ከገባበት ቀን ወዲህ ያለውን ብቻ። የበፊቱን መንካት አልችልም አለችው። እሱ ደግሞ “ደውዬ ነግሬያቸው ነበር እኮ” ማለቱን አላቆመም።

እውነቱን ነው፤ ነግሯቸው ነበር። መናገርና ማመልከት ግን ለየቅል ናቸው። ይህንን ልዩነት በዚያች የስልክ ጥሪ ላይ የነገረው ሰው የለም። “ይህ ጥሪ ትእዛዙን አይቀይረውም። ቅጽ መሙላት አለብህ። ቅጹን ዛሬ እልክልሃለሁ” ቢባል ኖሮ ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ይሆን ነበር።

ቢሮው ራሱ ትእዛዙን እንዲያሻሽልለት የሚጠይቅ ወላጅም የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ማንኛውም ወላጅ ቢያንስ በየ3 ዓመቱ ትእዛዙ እንዲታይለት የመጠየቅ መብት አለው። ሥራ ማጣትን፣ ሕመምን የመሰለ ከባድ ለውጥ ከመጣ 3 ዓመት መጠበቅ አይኖርበትም። ጥሩ ነው። ግን ደንቡ ይህን ሥራ ለመጨረስ ለቢሮው እስከ 180 ቀን ይሰጠዋል። በእነዚያ ቀናት ውስጥ የድሮው ቀለብ መቁጠሩን ይቀጥላል። አንዳንድ ቦታ ወላጁ ራሱ በቀጥታ ፍርድ ቤት ቢያመለክት ቀኑ ቀደም ብሎ ይያዝለታል። የትኛው ይሻላል? እንደ ስቴቱ ይለያያል። ለዚህ ነው እናንተ መንገር ያለባችሁ። የየስቴታችሁን አሠራር ከናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ይህ የአባት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ እናትም እዚሁ ቀን ላይ ትወድቃለች። ትእዛዙ ሲወጣ አባትየው ገና ሥራ ጀማሪ ነበር እንበል። ዛሬ ጥሩ ይከፈለዋል። ልጁም አድጓል፤ ወጪው ጨምሯል። እሷ ትእዛዙ የማይነካ ነገር ስለሚመስላት የድሮዋን ብር ይዛ ትኖራለች። ዛሬ ብትጠይቅ ከዛሬ ወዲህ ያለው ይጨመርላት ይሆናል። ያለፉት ዓመታት ልዩነት ግን አይመለስላትም። መብቷን በየ3 ዓመቱ በጽሑፍ እንድታስታውሷት ደንቡ ያዛል። ታስታውሳላችሁም። ግን ሌላ ነገር በሞላበት የእንግሊዝኛ ወረቀት ግርጌ ላይ ነው። ያንን ማስታወስ ልለው ይከብደኛል።

እስር ቤት ስለሚገባ ወላጅም በአጭሩ ልበል። በ2016 የወጣው የፌዴራል ደንብ፣ መታሰር በገዛ ፈቃድ ሥራ እንደመተው አይቆጠርም ይላል። ከ180 ቀን በላይ እንደሚታሰር ካወቃችሁም በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ለሁለቱም ወላጆች ማሻሻያ መጠየቅ እንደሚቻል ማሳወቅ አለባችሁ፤ አለበለዚያ ራሳችሁ ማየት ትጀምራላችሁ። ይህ ደንብ እኔ የምለውን በትክክል ይዟል። መብት አለ፤ የሚነገርበትም ቀን ተቆርጧል። ሥራ ላጣ፣ ለታመመ ሰውስ እንዲህ ቢደረግ ምን ይከብዳል?

አሁን ወደ ቋንቋው ልምጣ።

አንድ ቀን አንዲት እናት አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝና ቢሮ ሄድን። ተራችንን እየጠበቅን ሳለ ከፊታችን ሌላ አባት ልጁን ይዞ መስኮቱ ጋ ቀረበ። ልጁ የአስር ዓመት ያህል ይሆናል። ሠራተኛዋ እንግሊዝኛ ትናገራለች፤ ልጁ ይተረጉማል። “ለምን አልከፈልክም?” ትላለች። ልጁ አባቱን ቀና ብሎ አይቶ በአማርኛ ይጠይቀዋል። አባቱ ቶሎ አልመለሰም። ልጁ መልሱን አልጠበቀም፤ ከራሱ አንድ ነገር ፈጥሮ መለሰላት። አባቱን ለማዳን ብሎ የተናገረው ይመስለኛል። እሷም ጻፈች። ያች የጻፈችው ነገር ዛሬ በዚያ ሰው ፋይል ውስጥ አለች።

ሠራተኛዋ ክፉ አልነበረችም። ልጁን ከረሜላ ሰጥታዋለች። ግን በገዛ ቀለቡ ጉዳይ ልጅን በእናትና በአባቱ መሃል ማቆም ምን ማለት እንደሆነ ያሰበችው አልመሰለኝም። ስልክ አንስታ የአማርኛ አስተርጓሚ መጥራት ትችል ነበር። የስልክ አስተርጓሚ ለመንግሥት ቢሮ ብርቅ ነገር አይደለም።

የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ሰውን በትውልድ አገሩ እንዳያበላልጥ ይከለክላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1974 በላው ኬዝ ላይ ይህን ሕግ መሠረት አድርጎ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ተማሪዎች ፈርዷል። እናንተ ደግሞ ከፕሮግራሙ ወጪ 66 በመቶውን የምታገኙት ከፌዴራል መንግሥት ነው። ስለዚህ ግዴታው ይመለከታችኋል። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ2000 ያወጡት የቋንቋ ትእዛዝ በማርች 2025 እንደተሻረ አውቃለሁ። ይህን ሰምተው “እንግዲህ አስተርጓሚ ቀረ” የሚሉ ወገኖች አሉ። ሕጉ ግን አልተሻረም። ኮንግረስ ያወጣውን ሕግ በፕሬዚዳንት ትእዛዝ መሻር አይቻልም። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 የራሱን የቋንቋ ሕግ አውጥቷል፤ የከተማው ቢሮዎች ወረቀቶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው። ዲሲ ከቻለ ብዙ አበሻ ያለባቸው ሌሎች ካውንቲዎች የማይችሉበት ምክንያት አይታየኝም።

ወላጆች፣ ይህቺን ያዙ። መስኮቱ ጋ ስትደርሱ “አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ” በሉ። ልጃችሁን አታስተርጉሙ። ክርክር ውስጥ ያለችውን የልጃችሁን እናት ወይም አባት ዘመድም አታስተርጉሙ። እምቢ ከተባላችሁ የእምቢታውን ቀንና የሰውየውን ስም ጻፉ። ያልገባችሁን ወረቀት ደግሞ አትፈርሙ። ወስዳችሁ አስነብቡ።

ሌላው የሚያሳዝነኝ፣ ብዙ እናቶች የቢሮውን ጠበቃ “ጠበቃዬ” ማለታቸው ነው። የእነሱ ጠበቃ አይደለም። የአባትየውም አይደለም። በአብዛኛው ስቴት የሚወክለው ስቴቱን ነው። ዛሬ ከሷ ጎን ቆሞ ሊታይ ይችላል፤ ነገ ግን አባትየው ማሻሻያ ሲጠይቅ የእሱንም ማመልከቻ ያስተናግዳል። ለራሷ ጠበቃ የምትነግረውን ገመና ለእሱ ከነገረችው ምስጢር ሆኖ ይቀራል ማለት አይደለም። ይህን የሚገልጽ አንቀጽ ማመልከቻው ላይ አለ፤ አንብቤዋለሁ። ግን ከመፈረሟ በፊት አንድ ሰው በቃል ሊነግራት ይገባል።

ከሁሉ በላይ ግን የሚቀድመው የደኅንነት ጉዳይ ነው።

ተደብድባ ከቤት የወጣች ሴት ቻይልድ ሰፖርት ስታመለክት ትፈራለች። እውነቷን ነው። ወረቀቱ አድራሻ ይጠይቃል፤ ወረቀቱ ደግሞ ለሰውየውም ይሄዳል። ሕጉ ለዚህ አስቧል። ከ1996 ወዲህ ስቴቶች በኬዙ ላይ የቤት ውስጥ ጥቃት ምልክት ማድረግ ይችላሉ። ምልክቱ ካለ የፌዴራሉ የወላጅ ማፈላለጊያ ቋት አድራሻዋን እንዲሁ አይሰጥም፤ የሚያስከፍተው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ብዙ ስቴቶች በእውነተኛው አድራሻ ምትክ ሌላ የፖስታ አድራሻ የሚሰጥ ፕሮግራምም አላቸው። የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ የምትቀበል ከሆነች ደግሞ ከቢሯችሁ ጋር የመተባበር ግዴታ ይመጣባታል፤ ካልተባበረች ድጋፉ ቢያንስ በ25 በመቶ ይቀነስባታል። ግን የአባትየውን ስም መስጠት እሷን ወይም ልጇን ለአደጋ የሚዳርግ ከሆነ በቂ ምክንያት አቅርባ ከግዴታው ነጻ ልትደረግ ትችላለች።

እንግዲህ ይህ ሁሉ መከላከያ የሚጠቅመው አድራሻዋ ወረቀት ላይ ከመስፈሩ በፊት ከተነገራት ነው። ከሰፈረ በኋላ ምን ይሠራላታል? ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ “የአባትየው ስም ማን ነው?” አይሁን። “ይህን ኬዝ መክፈት አንቺን ወይም ልጅሽን አደጋ ላይ ይጥላል ብለሽ ትሰጊያለሽ?” ይሁን። ለብቻዋ፣ በቋንቋዋ፣ ሰው በማይሰማበት ጠይቋት። የኛ ሴት በአደባባይ “ባሌ ይመታኛል” አትልም። በአጎቷ ልጅ አስተርጓሚነት ደግሞ ጭራሽ አትልም።

ድጋፍ የምትቀበል እናት ልታውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ድጋፍ በምትቀበልበት ጊዜ የሚሰበሰበውን ቀለብ ስቴቱ ለራሱ ይወስዳል። አንዳንድ ስቴቶች የተወሰነውን ለእናትየው ያሳልፋሉ፤ ሌሎች ምንም አያሳልፉም። አባትየው “በየወሩ እየከፈልኩ ነው” ይላል፤ እሷ “አምስት ሳንቲም አላየሁም” ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ግን አንዱ ሌላውን ውሸታም እያለ ይጣላሉ፤ ልጁም ያያል። አንድ ገጽ ማብራሪያ ይህን ጠብ ያስቀር ነበር።

የአባትነትን ወረቀት በተመለከተ ባጭሩ። ሆስፒታል ውስጥ ያላገባ አባት የሚፈርመው ቅጽ እንደ ፍርድ የጸና ነው። ሐሳቡን የሚቀይር ሰው 60 ቀን አለው፤ በመሃል ስለ ልጁ የፍርድ ሂደት ከተጀመረ ከዚያም ሊያጥር ይችላል። ከዚያ በኋላ ማጭበርበር፣ ማስገደድ ወይም ትልቅ የፍሬ ነገር ስሕተት እንደነበረ ማስረዳት አለበት። ጥርጣሬ ያለው ሰው ሳይፈርም የዲኤንኤ ምርመራ ይጠይቅ። መጠየቅ መብቱ ነው፤ እናትየዋን እንደ መስደብ አይቆጠር። ሕጉ፣ ሰውየው ከመፈረሙ በፊት መፈረሙ የሚያስከትለው ነገር በቃልም በጽሑፍም ይነገረው ይላል። በቃል የሚነገረው ሰውየው በማይሰማው ቋንቋ ከሆነ ተነግሮታል ማለት ይቻላል?

ደሞዝ ላይ የሚደረገው ቆረጣም ልክ አለው። በፌዴራል ሕግ፣ ሌላ የሚያስተዳድረው ትዳር ወይም ልጅ ላለው ሰው ከተጣራ ገቢው እስከ 50 በመቶ፣ ለሌለው እስከ 60 በመቶ ነው ሊቆረጥበት የሚችለው። ከ12 ሳምንት በላይ ያለፈ ውዝፍ ካለ 5 በመቶ ይጨመራል። እዚህ ላይ አሠሪዎችም ስሙ። ቻይልድ ሰፖርት ስለተቆረጠበት ብቻ ሠራተኛን ማባረር፣ መቅጣት ወይም አልቀጥርም ማለት ክልክል ነው። የተሰበሰበው ገንዘብ ደግሞ የማን እንደሆነ ታውቆ ክፍያ የሚሰበስበው የስቴቱ ማዕከል ከደረሰ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ መላክ አለበት። እናቶች፣ ከዚያ ከዘገየ ደውላችሁ ጠይቁ። ልመና አይደለም።

በውዝፍ ምክንያት የታክስ ሪፈንድ (ተመላሽ) ሊያዝባችሁ ሲል መጀመሪያ ማስታወቂያ ይመጣል፤ የመቃወሚያ ቀንም አለው። ሌላ ትዳር መሥርቶ ታክስ በጋራ የሚሞላ ካለ፣ አዲሷ ሚስት የራሷን ድርሻ በ8379 ቁጥር ቅጽ ማስመለስ ትችላለች። ይህን ሳያውቁ ብሩ ሄዶ ትዳራቸው የተናጋ አውቃለሁ። ውዝፉ ከ2,500 ዶላር ካለፈ የአሜሪካ ፓስፖርት ይከለከላል። እናት ሞተች ተብሎ አገር ቤት ለመሄድ ሻንጣ እያሰረ ይህን የሚሰማ ሰው ምን እንደሚሆን አስቡት። ገና ዜግነት ያላገኛችሁም፣ ማመልከቻው ስለ ቀለብ እንደሚጠይቅ እወቁ። ሆን ብሎ ልጅን አለመርዳት ለዜግነት የሚጠየቀውን መልካም ጠባይ ያበላሻል።

አሁን ደግሞ ስለ እስር። አቅም የሌለውን ሰው ባለመክፈሉ ማሰር የተፈቀደ አይደለም። በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በተርነር እና ሮጀርስ ኬዝ ያየው ይህንኑ ነው። ሚስተር ተርነር የሳውዝ ካሮላይና ሰው ነው። ቀለብ አልከፈልክም ተብሎ ለ12 ወር ታስሯል። የቆመለት ጠበቃ አልነበረም፤ መክፈል ይችል እንደሆነም ዳኛው በግልጽ አልወሰነም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ሌላኛዋ ወላጅም ጠበቃ ከሌላት መንግሥት የግድ ጠበቃ ያቁምለት አላለም። ግን ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል አለ። ዋናው ጥያቄ የመክፈል አቅሙ እንደሆነ ይነገረው፤ ገቢና ወጪውን የሚሞላበት ቅጽ ይሰጠው፤ መልስ የመስጠት ዕድል ያግኝ፤ ዳኛውም “መክፈል ይችላል” ወይም “አይችልም” ብሎ ይወስን። የ2016ቱ ደንብም ወላጅን ለዚህ ዓይነት ክስ ከማቅረባችሁ በፊት አቅሙን እንድታጣሩ ያዛችኋል። እባካችሁ ያንን ቅጽ በአማርኛም አዘጋጁት። የገባው ሰው በትክክል ይሞላዋል።

ለኛ ለራሳችን ሰዎችም የምለው አለኝ።

ትዳር ሲፈርስ ሽማግሌ እንቀመጣለን። መልካም ነው፤ ብዙ ጠብ ያበርዳል። “በወር ይህን ያህል ይሰጣል” ተብሎ ይታረቃሉ፤ ብሩም በእጅ ይሰጣል። በዚህ የሚተማመኑ ወላጆችን አከብራለሁ። ግን የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከወጣ በኋላ በእጅ የተሰጠ ብር ብዙ ቦታ እንደ ስጦታ ነው የሚታየው። ሽማግሌው መጥቶ ቢመሰክር እንኳ ከቀለቡ ላይቀነስ ይችላል። ስለዚህ ክፍያውን በማዕከሉ በኩል አድርጉት። ስምምነታችሁ ከተቀየረም ፍርድ ቤት ያጽድቀው። “ተስማምተናል” ብላችሁ ብትተዉት ውዝፉ ውስጥ ውስጡን መቁጠሩን አያቆምም፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና።

“ልጄን ካላሳየችኝ አልከፍልም” የሚል አባት፣ “ካልከፈለ ልጁን አያይም” የምትል እናትም አሉ። ሕጉ ሁለቱን አያገናኛቸውም። ልጁን እንዳያይ የተከለከለ አባት ለጉብኝቱ ለብቻ ያመልክት፤ ቀለቡን ግን ይክፈል። ቀለብ የቀረባት እናትም ልጁን አትደብቅ፤ ቢሮው ጋ ትሂድ። ከፖስታ ሳጥን የምታወጡትንም ደብዳቤ፣ አስፈሪ ቢመስልም፣ ሳትከፍቱ አታስቀምጡት። የፍርድ ቤት መጥሪያ ከሆነና ካልቀረባችሁ ውሳኔው በሌላችሁበት ይወሰናል። ደንቡ ቀለቡ በእውነተኛ ገቢና በመክፈል አቅም ላይ ይመሥረት ይላል። ግን ገቢውን የሚያሳይ ሰው ካልቀረበ ዳኛው በግምት ይሄዳል። ፔይ ስተባችሁን (የደሞዝ ወረቀታችሁን) ይዛችሁ ቅረቡ።

ኃላፊዎች ሆይ፣ ከናንተ የምጠይቀው ቢሮ ማስገንባት አይደለም። ከምትልኩት ደብዳቤ ሁሉ ፊት አንድ ገጽ ጨምሩ። በአማርኛም፣ በሌሎቹም ቋንቋዎች። ገጹ ላይ ሦስት ነገር ይኑር፤ ይህ ደብዳቤ ምንድን ነው፣ እስከ መቼ መልስ ልስጥ፣ ካልመለስኩ ምን ይደርስብኛል። ቀኑ በትልቅ ቁጥር ይጻፍ። ሥራ አጣሁ ብሎ የሚደውል ወላጅ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ጥሪው ትእዛዙን እንደማይቀይር ይነገረው፤ የማሻሻያው ቅጽም በዚያው ቀን ይላክለት። አዲስ ኬዝ ሲከፈት ከአድራሻ በፊት ስለ ደኅንነት ይጠየቅ። ልጅ መስኮቱ ጋ ቆሞ ሲያስተረጉም ያየ ሠራተኛ ሥራውን አቁሞ ስልክ ያንሳ።

ትርጉሙን የሚያየው ሰው ካጣችሁ በየከተማው ያለው ማኅበረሰባችን ፈቃደኛ ሰው አያጣም። እኔም እመጣለሁ። ይህ ደብዳቤ የደረሳችሁ ቢሮዎች፣ ከነዚህ ውስጥ የትኛውን እንደጀመራችሁ፣ ያልጀመራችሁትን ደግሞ መቼ እንደምትጀምሩ በጽሑፍ እንድታሳውቁን እጠይቃለሁ። መልሱ በእንግሊዝኛም ቢመጣ ተርጉሜ ለወላጆቹ አደርሰዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር